ሳንደርስ የደረስንበት በር

ካምፓላ ውስጥ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመኪናዋን በር የከፈትኩት በተሳሳተ በኩል ነበር። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ደሴ ነው፤ መሪ በግራ እንጂ በቀኝ አላውቅም። ገባሁ፣ ወንበሩን አስተካከልኩ፣ ቀበቶ አሰርኩ። እጄን ብዘረጋ መሪ የለም። ከኋላ የተቀመጡት ማዳም ፍራንካ «ስትጨርስ ንገረኝ፣ ያኔ እንሄዳለን» አሉኝ። ዞሬ በቀኝ ገባሁ።

ማዳም ፍራንካ ጣሊያናዊት ናቸው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ እብነ በረድ የሚቆርጥ ወርክሾፕ ነበራቸው። የጀመሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ እሳቸው ሲሞቱ ማዳም ብቻቸውን ያዙት። የማዳም እንግሊዝኛ ሰባራ፣ የእኔም ሰባራ ነበር። ግን ሁለት ሰባራም ቢሆን ተደጋግፎ ይቆማልና አሥራ ስምንት ዓመት ተግባባንበት።

ወርክሾፑ ሦስት ሾፌሮች ነበሩት። አንዱ በከባዱ መኪና ድንጋይ ያመላልሳል፣ አንዱ በፒክአፕ የተቆረጠውን ለደንበኛ ያደርሳል፣ ሦስተኛው የማዳምን መኪና ይይዛል። እኔ የገባሁት በተጠባባቂነት ነው፤ የታመመ ሰው ቦታ እይዛለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ማዳምን የነዳሁት ሾፌራቸው ሙዜ ካቶ ወባ ይዟቸው ስለቀሩ ነው። ሙዜ ካቶ ሸምግለው ሥራውን ሲተዉ ቦታቸው ለእኔ ሆነ።

ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጠዋት መጀመሪያ ውሃ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ፍሬን ታያለህ። ስታቆም የመኪናውን አፍንጫ ወደ መውጫው ታደርጋለህ። የጌታህን መንገድ ሁለት ጊዜ አትጠይቅም። ከመኪናህ አትርቅም፤ ከራቅህ ስትመለስ ስፖኪዮ የለም። ደንበኛ ደውሎ የት ናችሁ ካለህ ደግሞ «ንቱሴ» ትለዋለህ። በሉጋንዳ «ደርሻለሁ» ማለት ነው። የትም ብትሆን ደርሻለሁ ነው የምትለው።

ይህ የመጨረሻው ለእኔ አዲስ አልነበረም። እኛም አገር «ወጥቻለሁ» ማለት ገላዬን ልታጠብ ነው፤ «መንገድ ላይ ነኝ» ማለት ጫማዬን እየፈለግሁ ነው፤ «ደርሻለሁ» ማለት ሞተር አስነስቻለሁ ነው። ሰሚው ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ሒሳብ ይሠራል። የካምፓላ የትራፊክ ጃም ውስጥ ሁለት ሰዓት የተቀረቀረ ሾፌር ለደንበኛው «ገና ነኝ» ቢለው ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ስለዚህ ደርሻለሁ ማለት አይዞህ፣ አልረሳሁህም እንደማለት ነበር። ውሸት ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም እስቅበት ነበር።

ማዳም ከኋላ ተቀምጠው ስዋሽ ይሰሙኛል። ገና መሃል መንገድ፣ ካባላጋላ ላይ ቆመን «በራችሁ ላይ ነን» ስል አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ እንጂ አንድም ቀን ገሥጸውኝ አያውቁም።

ወርክሾፑን ሸጠው ቤት መዋል በጀመሩ ጊዜ እኔን ብቻ አስቀሩኝ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሳለን ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ስለደከመ ስልካቸውን በመኪናው ስፒከር ነው የማሰማቸው። አንዲት ሴት በጣሊያንኛ ተናገረች። ማዳም መኪናውን ጥግ እንዳስይዝ አዘዙኝ። አዳመጡ፤ መልሳቸው ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነበር። በመሃል «ሁሴን» ብለው ስሜን ሲጠሩ ሴትዮዋ ንግግሯን አቋረጠች።

«ሁሴን? ሾፌሩ ሐበሻ ነው እንዴ?» አለች በአማርኛ።

«አዎ፣ የወሎ ሰው ነኝ፤ አንቺስ?»

«ለተብርሃን እባላለሁ። አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት። እዚህ ሠላሳ ዓመቴ ነው።»

ለተብርሃን ጣሊያን አገር ሽማግሌ በመጦር የምትተዳደር ሴት ናት። ያን ጊዜ የምትጦራቸው ሴት ሲኞራ ኢዳ ይባላሉ፤ የማዳም ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ስነዳቸው ማዳም እህት እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ማዳም ወደ ጣሊያን እንደሚሄዱ፣ እኔም አብሬ እንደምሄድ ነገሩኝ። ሮም ዳሌያቸውን የሚያይ ሐኪም አለ፤ ከዚያ ደግሞ እህታቸው ወዳሉበት ከተማ መሄድ አለ። «እዚያ ሾፌር ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሾፌር ሞልቷል። ግን ሌላ ሾፌር መልሰኝ ስለው ይመልሰኛል። አንተ ግን መልሰኝ ብልህ እንዳትሰማኝ።»

ይህ ትእዛዝ ምን ማለት እንደሆነ ያን ዕለት አልገባኝም። ቪዛው በማዳም ደብዳቤ ብዙ ተመላልሰን ተገኘ። ካንሳንጋ ሰፈር ያሉ ወዳጆቼ «ሁሴን ሮም ከገባ በቃ፣ ስሙን በሙታን መዝገብ ጻፉት» እያሉ ሳቁብኝ። ባለቤቴ ዘይነባ ግን አልሳቀችም። «ብትጠፋ ልጆቹን ይዤ መጥቼ እዚያው ከነመኪናህ አገኝሃለሁ» አለችኝ። እንደማታደርገው ባውቅም ቃሏን ይዤ ሄድኩ።

ሮም አሥር ቀን ነበርን። የሐኪሙ ነገር በሦስት ቀን አለቀ። በአራተኛው ቀን ወደ እህትዎ እንሂድ ስላቸው ድካም አሉ፤ በአምስተኛው ዝናብ አሉ፤ በስድስተኛው እሑድ ነው አሉ። በዘጠነኛው ቀን ማታ ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ ሲያስገቡ ቆይተው «ነገ» አሉኝ። በረራችን ከነገ ወዲያ ጠዋት ነው። የቀረን ቀን አንድ ብቻ ነበር።

የተከራየነው መኪና ትንሽ ነው፤ ማርሹ በእጅ ነው፤ መሪው በግራ። አሥራ ስምንት ዓመት በግራ እጄ ማርሽ ስቀይር የኖርኩ ሰው ነኝና የሮምን ግማሽ ያቋረጥኩት የበሩን እጀታ እየጎተትኩ ነው። ማዳም ከኋላ ሆነው «ማርሹ በዚያ በኩል ነው፤ በሩን ለቀቅ አድርገው» አሉኝ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ያሳዩት ፈገግታ ያ ብቻ ነው።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። እናታቸው ታመው ሳለ እሳቸው አግብተው ወደ አፍሪካ ሄዱ። እናትየዋን ያስታመሙት ኢዳ ናቸው። እናት ሲሞቱ ማዳም ለቀብር አልደረሱም። ኢዳ ስለዚያ አንድም ቀን አልወቀሷቸውም፤ ደብዳቤ መጻፍ አቆሙ እንጂ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ማዳም ይቅርታ ሊሉ ሄዱ። ኢዳ ማዕድ አዘጋጅተው ጠበቁ። ማዳም በታክሲ እስከ ከተማው በር ደረሱና እግራቸው አልወርድ አላቸው። ለባለታክሲው መልሰኝ አሉት።

«በመስኮት ታየኝ ነበር። ታክሲው ሲዞር አይታዋለች» አሉኝ ማዳም። «አሁን በስልክ የላከችብኝ መልእክት ይህ ነው፦ ከመጣች ትምጣ፤ እኔ ግን ለመኪና ሁለተኛ ማዕድ አልዘረጋም።»

ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት ሳላውቅ ነው ማለት አልችልም።

ከዋናው መንገድ ወጥተን በገጠሩ መንገድ ስንሄድ ቀኝ የፊት ጎማ ተነፈሰ። ወርጄ ሳየው ጎኑ ተተርትሯል። የኋላውን ከፍቼ ስኮርታ ብፈልግ የለም። በቦታው አንዲት ጠርሙስና የመጫወቻ የምትመስል ፓምፕ አስቀምጠዋል። ወላሂ፣ ስኮርታ የሌለው መኪና ለሰው የሚያከራይ አገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ደግነቱ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ጎሚስታ ቤት ይታያል፤ የአደጋ ምልክቱን አብርቼ እያዘገምኩ ደረስኩ።

ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ ወጣ። እጄን ወደ ታች ጠቁሜ «ጎማ» አልኩት። ገባው። «ስኮርታ» አልኩና እጄን አራገፍኩ። ይህም ገባው። ደፈርኩና ደሴ ጋራዥ ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ አወረድኩለት፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ። ሰውየው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሳቀ። ማዳም መስኮቱን ዝቅ አድርገው ሲሰሙ ቆይተው፣ «አሥራ ስምንት ዓመት የእኔን ቋንቋ ስትናገር ኖረህ አልነገርከኝም?» አሉ። ካምፓላ ውስጥ ክላች እንጂ ፍሪሲዮን ማን ይላል? በደንብ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ፊታቸው ቀለል ብሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሌሊቱን ያልተኙ ሴት ናቸው።

ሰውየው ልኩ ጎማ አልነበረውም፤ ከሌላ ቦታ እስኪያስመጣ ጊዜው ሄደ። ቀጠሯችን አምስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ከአምስት ላይ ለተብርሃን ደወለች።

«የት ደረሳችሁ?»

«መንገድ ላይ ነን፤ ልንደርስ ነው» አልኳት።

«ሲኞራ እንግዲህ ከነጋ ጀምረው ልብስ ሲቀይሩ ነው። እንዳታስቀሯቸው፣ አደራ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግማ ደወለች። ጎሚስታው ገና አዲሱን ጎማ ብረቱ ላይ እያስገባ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኧረ የት ናችሁ? እኚህ ሴትዮ መስኮቱን ሊለቁ አልቻሉም። አልመጣችም እያሉ ነው» አለችኝ። አዘንኩ። አሮጊት ሴት በመስኮት ቆማ መጠበቋ አሳዘነኝ። ከሐዘኔ የተነሣ አፌ የለመደውን አለ።

«ደርሰናል በያቸው፣ እህቴ። ከበሩ ሥር ነን።»

«የትኛው በር? ከመስኮት የማይታየው፣ የታችኛው?»

በሩ ላይኛም ይሁን ታችኛ አይቼው አላውቅም። «አዎ፣ የታችኛው» አልኳት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

ጎማው ታስሮ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ተነሣን። ዳገቱ ሲጀምር ልቤ ሞቀ። ጥምዝምዙ ልክ ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ክላክስ፣ ሦስተኛ፣ እንደገና ሁለተኛ። ጎኑ የወይራ ዛፍ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ከተማዋ ከጫፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ቤቶቿ ከተራራው ድንጋይ ስለሆኑ ተራራው የት እንደሚያልቅ፣ ግንቡ የት እንደሚጀምር አይለይም። ስሟን አልጠራም፤ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰዎቿ ይታወቃሉ። ከበሩ በታች ቀይ ክብ ምልክት ቆሟል፤ ከነዋሪ በቀር መኪና አይገባም። ከምልክቱ በታች አቆምኩ። ሰዓቴ ስድስት ከአሥር ይላል።

በሩ ላይ ማንም የለም። ማዳም ወርደው ከድንጋዩ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ደወልኩ፤ አይነሣም። ሁለተኛም አይነሣም። በሦስተኛው ተነሣ።

«የት ነበራችሁ?» አለች ለተብርሃን። ድምፅዋ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ይኸው ደረስን፤ በሩ ላይ ነን።»

«አሁን ነው የደረሳችሁት? ቅድም ደርሰናል አላልከኝም?»

«ልንደርስ ነበር እኮ …»

«‹ልንደርስ ነው› እና ‹ደርሰናል› አንድ ነው? ስማ፣ ወንድሜ። ደርሰዋል ስላቸው ሲኞራ ምን አሉ መሰለህ? እንዳለፈው እንዳትመለስ እኔ ወርጄ ከመኪናው አወጣታለሁ አሉ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከቤት ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ዘጠና አራት ደረጃ ነው። በሁለት እጄ ይዣቸው ነው የወረድነው፤ ስልኬን እንኳ ቤት ጥዬ። በሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። ሰውም መኪናም የለም። ዛሬም ተመለሰች አሉ። ጎረቤት በወንበር ተሸክሞ ነው ያወጣቸው። አሁን መኝታ ቤታቸውን ከውስጥ ቆልፈዋል።»

አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ መኪና አጋጭቻለሁ፣ የተሳሳተ ድንጋይ ለተሳሳተ ሰው አድርሻለሁ፣ የዚያን ቀን ያህል ግን አፍሬ አላውቅም።

ለተብርሃን ቁጣዋ በረድ ሲል መላ አመጣችልኝ። «ለእህትየዋ አትንገራቸው። እኔም ሲኞራን፣ ሌላ በር ላይ ነበሩ፣ ተላለፋችሁ እላቸዋለሁ» አለችኝ። መጥፎ ሰው ሆና አይደለም፤ ለማስታረቅ ነው። እኔም ለአንድ አፍታ እሺ ልላት ነበር። ከዚያ የመጀመሪያውንም የዋሸሁት ለደግ ነገር መሆኑ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ወደ ማዳም ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹም።

«አሥራ ስምንት ዓመት ስትል ሰምቼሃለሁ» አሉኝ። «ዝም ያልኩህ ስለሚመቸኝ ነው። የምትዋሸው ለእኔው ነበር።» ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልክ ናት፣ መዝጋቷ ልክ ነው። መልሰኝ።»

«አልመልስዎትም።»

«ሁሴን፣ መልሰኝ አልኩህ።»

«መልሰኝ ብልህ እንዳትሰማኝ ብለውኛል። ሰምተኸኝ አታውቅም እንዳይሉኝ፣ ያንን ሰምቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ እወጣለሁ።»

መልስ አልጠበቅሁም። መኪናዬን ክፍት መንገድ ላይ፣ ማዳምን አግዳሚ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ያስተማሩኝን ሥርዓት ሁሉ የጣስኩት ያን ዕለት ነው፤ ሾፌር የደንበኛ ጓዳ አይገባም፣ ከመኪናውም አይርቅም።

ለተብርሃን በስልክ እየመራችኝ ደረጃውን ወጣሁና የሲኞራ ኢዳን ቤት በር ከፈተችልኝ። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቀጭን ሴት ናት። ሰላምታም ሳንለዋወጥ ወደ መኝታ ቤቱ በር ወሰደችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተዘርግቶ አየሁ። ለመኪና ማዕድ አልዘረጋም ያሉት ሴት ዘርግተዋል። በሩን አንኳኳሁ፤ እኔ በአማርኛ ስናገር ለተብርሃን በጣሊያንኛ ታደርሳለች።

«የእህትዎ ሾፌር ነኝ። ደርሰናል ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ጎሚስታ ቤት ነበርን። እህትዎ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ ያልኩትን አልሰሙም። ዛሬ አልተመለሱም። ገና አልደረሱም ነበር።»

የሲኞራ ኢዳ ድምፅ መጣ። «ለምን ዋሸህ?»

«እኛ ዘንድ ልማድ ነው። የሚጠብቅ ሰው እንዳይከፋው ብለን እንለዋለን።»

«ከፋኝ» አሉ ከውስጥ።

ኪሴ ውስጥ የጎሚስታው ደረሰኝ ነበር፤ ሰዓቱ ታትሞበታል፣ አምስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት። ደርሰናል ካልኩ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ ገና ሌላ ቀበሌ ውስጥ ጎማ ሳስቀይር እንደነበር ይናገራል። ውሸታምነቴን የሚመሰክር ወረቀት ነው። ጎንበስ ብዬ በበሩ ሥር አሾለክሁት። ከወለሉ ላይ ሲነሣ ሰማሁ።

«የት ናት አሁን?» አሉ።

«በሩ ላይ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

አልነበርኩም። «ትቻቸው ስመጣ ነበሩ። አሁን አላውቅም» አልኩ።

«እኔ በቀን ሁለት ጊዜ አልወርድም» አሉ ሲኞራ ኢዳ። «እሱን ንገራት።»

እየሮጥኩ ወረድኩ። አግዳሚው ላይ ማዳም የሉም። መኪናው እንደቆመ ነው። በእግራቸው ቁልቁል ወርደው ይሆን ብዬ የመኪናውን መንገድ አየሁ፤ ባዶ ነው። ዞር ስል ከበሩ ጀርባ እኔ ባልወረድኩበት በሌላኛው ደረጃ በኩል ከዘራ ሲንኳኳ ሰማሁ። ማዳም ብቻቸውን ወጥተው አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ የታመመው ዳሌያቸው ነው።

«በቀን ሁለት ጊዜ አልወርድም ብለዋል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ክንድህን ስጠኝ» አሉኝ።

ስልኬ ጮኸ። ለተብርሃን ናት። «ሲኞራ የት ናችሁ እያሉ ነው። ያላችሁበትን በትክክል ንገረኝ፣ አደራህን።»

ወደ ኋላ ዞሬ ቆጠርኩ። «አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነን። ተቀምጠናል።»

ስልኩን ሳልዘጋ ወጣን። ሃያ ስድስት፤ ቆመናል። አርባ አንድ፤ ማዳም ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ተቀምጠናል፣ አምስት ደቂቃ ሳይፈጅ አይቀርም። አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ፣ ገና አልተነሣንም፤ ስድስት ሆኗል። አርባ ስምንት። ለተብርሃን እያንዳንዱን በጣሊያንኛ ስትደግም እሰማለሁ። ከስድሳው በኋላ ሌላ ድምፅ ተሰማ፤ የቁልፍ ድምፅ መሰለኝ። ሰባ ሦስት ስል ሲኞራ ኢዳ ራሳቸው ቁጥሩን ደገሙት። ከዚያ በኋላ ለተብርሃን መተርጎም አላስፈለጋትም።

ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ሲኞራ ኢዳ ቆመው ነበር። ጥቁር የክት ጫማ አድርገዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ተያዩ። ሲኞራ ኢዳ አንድ ነገር አሉ፤ ማዳም መለሱ። ከዚያ ሲኞራ ኢዳ የማዳምን ኮሌታ አቃኑላቸውና ወደ ውስጥ ገቡ። ምን እንደተባባሉ ለተብርሃንን ጠየቅኋት።

«አርጅተሻል አሏቸው። እህትየዋ አንቺም አሉ። ሌላ ምን ይባባሉ?» አለችኝ፤ ዓይኗን በሽርጧ ጠረገች።

እኔና እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ዳቦና እንቁላል በላን። ከሳሎን አንዳንዴ ወሬ፣ አንዳንዴ ዝምታ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ተሰማ። የገቡት ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መኪናውን ማታ አንድ ሰዓት ሮም መመለስ ነበረብኝና አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ገብቼ ጊዜው ደረሰ አልኩ። ሲኞራ ኢዳ ወደ እኔ ዞረው በለተብርሃን በኩል፣ «በእርግጥ ደርሷል?» ብለው ጠየቁኝ። ሰዓቴን አሳየኋቸው።

ከሰባት ወር በኋላ ማዳምን ዓሣ ሊገዙ ወደ ጋባ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ይዣቸው ሄጄ ሳለ ለተብርሃን ደወለች። ሲኞራ ኢዳ ሌሊት በእንቅልፋቸው አርፈዋል። ማዳም ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወደ ሐይቁ ዞሩ። «ሦስት ሰዓት ነበረን። አራት ይሆን ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም፤ ቆጠሩ እንጂ። ያቺ አንድ ሰዓት የእኔ ናት። ይቅርታ ብጠይቅም የምመልስበት የለኝም።

አሁን የራሴን መኪና ይዤ ካንሳንጋ ነው የምሠራው። ደንበኛ ሲደውል «ገና ከቤቴ አልወጣሁም፤ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል» እላለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ቦዳ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ጠርቶ ይሄዳል። ወጣት ሾፌሮች ይስቁብኛል፤ እኔም ብሆን በእነሱ ዕድሜ እስቅ ነበር።

ስልክ የያዛችሁ ሾፌሮች ይህን እወቁ። ደርሻለሁ ስትሉት ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ተነሥቶ ምን እንደሚያደርግ አታዩም። ስለዚህ ያላችሁበትን ቦታ ተናገሩ።